ዓሣው ከተበለተ በኋላ

አንድ ቆሮሶ ለፊሌት ሲበለት የሚገኘው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ቀሪው ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ ቅርፊትና ሆድ ዕቃ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከሚጣለው ብዙው አባ ኮዳ ለሚባለው ወፍ ሲሳይ ይሆናል። በቆዳውና በቅርፊቱ ውስጥ ግን ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን አለ፤ በሙቅ ውኃ ሲፈታ ጀላቲን ይሆናል። የሽሪምፕና የሸርጣን ልባስ ደግሞ ካይቲን ይሰጣል። ስለእነዚህ የተፈጥሮ ፖሊመሮች ሲወራ የሚጎላው ቤተ ሙከራው ነው። እኔ ግን ዋጋቸው የሚወሰነው አስቀድሞ፣ ቢላዋው በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ።

የቪክቶሪያ ሐይቅን ነጭ ዓሣ እንይ። በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ከሞላ ጎደል ኮላጅን ነው። ዛሬ ሠራተኞች ሳይቀደድ አውጥተው፣ ደሙንና ስቡን አጥበው ያደርቁትና ወደ ቻይና ገበያ ይላካል፤ በኪሎ ሲመዘን የሥጋው ዋጋ አይደርስበትም። ለዚህ ያስፈለገው ለይቶ አጥቦ ማድረቅ ብቻ ነው። በአይስላንድ ኬሬሲስ የተባለው ድርጅት የኮድ ዓሣን ቆዳ ከሕዋሳቱ አጽድቶ የቁስል መሸፈኛ ያደርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የዴንማርኩ ኮሎፕላስት እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍልበት ተስማማ። እዚያም መነሻው ትኩስና ምንጩ የታወቀ ቆዳ ነው። ከሆድ ዕቃ ጋር ተደባልቆ በሙቀት የዋለ ቆዳ በኢንዛይምና በባክቴሪያ ይበላሻል፤ የተበጣጠሰ ኮላጅንን የሚጠግን ኬሚስትሪ የለም።

የዓሣ ጀላቲን ደካማ ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ለኮድ እውነት ነው፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እምብዛም አይረጋም። እንደ ቆሮሶ ያሉ የሞቃት ውኃ ዓሦች ጀላቲን ግን ከከብቱ ብዙም አይርቅም፤ ከአሳማ የተሠራውን ለማይነካ ክርስቲያን፣ ሙስሊምና አይሁዳዊም ይስማማል። የካይቲን ተቃውሞ ይከብዳል። ማዕድኑን ለማውጣት አሲድ፣ ፕሮቲኑን ለማስወገድ ኮስቲክ ሶዳ፣ ደም የሚያቆም ፋሻ የሚሠራበትን ካይቶሳን ለማግኘት ደግሞ የጋለና የበረታ ሶዳ ያስፈልጋል፤ ዝቃጩ ካልተጣራ ውኃ ይበክላል። የሽሪምፕ ኢንዱስትሪ የሌላት ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ እንድትጀምር የሚያስገድዳት ምክንያት አይታየኝም።

ተረፉ ለመኖ ቢውል አይሻልም ወይ? ራሱና ሆድ ዕቃው ይዋል፤ ቆዳው ግን ቀድሞ ይለይ። የአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ቆዳ ፋብሪካ አይሞላም ለሚሉም መልሱ ሩቅ አይደለም፤ የበግና የፍየል ቆዳን በጨው አቆይቶ ከየገበያው መሰብሰብ የለመደ ነጋዴ በአገሩ ሞልቷል፤ የዓሣውንም በጨው ወይም በማድረቅ አቆይቶ ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከጫሞ ማሰባሰብ ይቻላል።