ሐይቁ በረዶ ከመልበሱ በፊት

ኢሊ በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከካናዳ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሚኒያፖሊስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ድሮ የብረት ማዕድን ይወጣባት ነበር፤ ዛሬ ኑሮዋ ከሐይቆቹ ጋር የተያያዘ ነው። ሻጋዋ ሐይቅ ደጇ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከ1,000 በላይ ሐይቆችን ያቀፈው የ«ባውንደሪ ዋተርስ» ጥብቅ ደን ይቀጥላል።

ኖቬምበር ሲገባ ብርዱ ገና ጀማሪ ነው። በአካባቢው ባለችው ታወር ከተማ አጠገብ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። ለእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ለሚዘጋጅ እንስሳ ግን ወሳኙ ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ወር ነው።

ዝግጅቱን የሚጀምረው ራሱ ውሃው ነው። ውሃ ከምንም ጊዜ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። በመከር ወራት የሐይቁ ላይኛው ክፍል እየቀዘቀዘ ሲመጣ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋሱም እያገዘው ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። ኦክስጅን እስከ ወለሉ የሚዳረሰው ያን ጊዜ ነው፤ ዓሦቹ እስከ ፀደይ ድረስ የሚተነፍሱት በአመዛኙ ይህንኑ ስንቅ ነው። ከ4 ዲግሪ በታች የወረደው ውሃ ግን መልሶ ይቀልና ላይ ላዩን ይቀራል። ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ሲመጣ፣ መጀመሪያ ጥልቀት በሌላቸው ዳርቻዎች ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ ቀስ በቀስም ወደ መሃል ይገፋል። በረዶ እንደ አብዛኞቹ ጠጣር ነገሮች በራሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚሰምጥ ቢሆን ኖሮ ከታች ያለው ሕይወት ለከባድ አደጋ በተጋለጠ ነበር።

በረዶው ከመግጠሙ በፊት መሄድ ያለበት ሉን የተባለው ወፍ ነው፤ ከ1961 ጀምሮ የሚኒሶታ መለያ ወፍ ነው። አጥንቱ ከሌሎች ወፎች ይልቅ ድፍን በመሆኑ ለመጥለቅ ይመቸዋል፤ ለመነሳት ግን ከባድ ነው። ክንፉን እያራገበ ውሃው ላይ ረጅም ርቀት ካልሮጠ አየር ላይ አይወጣም። እግሮቹ ወደ ጅራቱ የተጠጉ ስለሆኑ የብስ ላይ እንደ ልቡ መራመድ እንኳ አይችልም። ወላጆቹ ቀድመው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይበርራሉ። ጫጩቶቹ ከሳምንታት በኋላ፣ መሪ ሳይኖራቸው፣ መንገዱን ራሳቸው አግኝተው ይከተላሉ። ይህ የዚህ ወቅት ትልቁ ድንቅ ነው። የዘገየ ወፍ ዙሪያውን በረዶ ይዘጋበታል፤ መንደርደሪያውን ካጣ ደግሞ እዚያው ተይዞ ይቀራል።

ቢቨር የተባለው እንስሳ ግን የትም አይሄድም። በመከር የአስፐን ዛፍ ቅርንጫፎችን እየቆረጠ ከቤቱ አጠገብ ከውሃ በታች ይከምራል፤ የቤቱም መግቢያ ውሃ ውስጥ ነው። በረዶው ከላይ ሲዘጋ ከቤቱ ጠልቆ ይወጣና ከዚያ ጎተራ ቅርንጫፍ ይጎትታል። ከንፈሮቹ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥሙ፣ ውሃ ሳይገባበት እንጨት ማኘክ ይችላል። ጥቁሩ ድብ ቀድሞ ዋሻው ገብቷል፤ ለወራት አይበላም፣ አይጠጣም። በደን ውስጥ ቅጠል ሥር የተኛችው እንቁራሪት ደግሞ ከሰውነቷ ውሃ ከግማሽ በላዩ በረዶ ሆኖ፣ ልቧም ቆሞ ትከርማለች፤ ሴሎቿን ከጉዳት የሚጠብቅላት በደሟ ውስጥ የበዛው ስኳር ነው።

አሳሳቢው የበረዶ ጥንቸሏ ጉዳይ ነው። ቡናማ ፀጉሯን በነጭ የምትለውጠው የቀኑን ማጠር ተከትላ እንጂ በረዶ መጣሉን አይታ አይደለም። በረዶው ሲዘገይ ነጯ ጥንቸል ቡናማ ቅጠል ላይ ከሩቅ ትታያለች፤ ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትና ጉጉት ደግሞ ዓይናቸው ንቁ ነው። በሞንታና ግዛት የተደረገ ጥናት ቀለማቸው ከመሬቱ ጋር ያልተስማማ ጥንቸሎች ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የአየር ንብረቱ እየሞቀ የበረዶው ወቅት በሚያጥርበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ልዩነት እየሰፋ መሄዱ አይቀርም።

የኢሊ ሰዎችም በረዶውን ይጠብቃሉ፤ ዓሣ ለማጥመድ። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል ይላል፤ ነጣ ያለው በረዶ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ጥንካሬ ብቻ ስላለው እጥፍ ውፍረት ይፈለግበታል። ስለዚህ አጥማጁ በጥቂት እርምጃ ልዩነት እየበሳና እየለካ ነው ወደ መሃል የሚሄደው።