ድድዎ ሲደማ መቦረሽ አያቁሙ

ብዙ ሰው ጥርሱን ሲያጸዳ ደም ካየ ቡርሹን ወይም መፋቂያውን ያስቀምጣል። ድድ በአብዛኛው የሚደማው ግን ጠርዙ ላይ የተከማቸው የባክቴሪያ ንጣፍ ስላስቆጣው ነው። ንጣፉ ካልጸዳ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያኔ በቡርሽ አይለቅም።

እኛ የድድ ስፔሻሊስቶች ምን እንሠራለን?

🔹 እንለካለን። በጥርስና በድድ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነና ካልደማ ጤናማ ነው። ከዚያ ሲጠልቅ ጥርሱን የያዘው አጥንት መጎዳት አለመጎዳቱን በራጅ እናያለን።

🔹 ከድድ በታች እናጸዳለን። አስፈላጊ ሲሆን አደንዝዘን በጥርሱ ሥር ላይ የተጣበቀውን ድንጋይ እናነሳለን።

🔹 ይህ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን፤ ከዚያም በየጥቂት ወሩ እንከታተላለን።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። ጥርሱን ያላላው ግን በበሽታው ያለቀው አጥንት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ ጉዳቱ ይገለጣል።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ከፍ ያለ ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። የሚያጨሱ ሰዎች ደግሞ ድዳቸው ብዙም ሳይደማ በሽታው ውስጥ ውስጡን ሊሄድ ይችላል።

ድድ ብቻ ሲቆጣ ሙሉ በሙሉ ይድናል። የጠፋ አጥንት ግን በአብዛኛው እንደነበረው አይመለስም። ስለዚህ ድዳችሁ ደጋግሞ ከደማ፣ ከሸሸ ወይም ጥርሳችሁ ከተነቃነቀ፣ ሕመም እስኪሰማችሁ ሳትጠብቁ ታዩ። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም።