ያገለገለ ኤም 5 መግዛት

ኤም 5 የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራው ፈጣን ባለ አራት በር መኪና ነው። መነሻው ተራው አምስተኛ ምድብ የቤት መኪና ሲሆን፣ ሞተሩን፣ ፍሬኑንና እግሩን የኩባንያው የስፖርት ክፍል እንደገና ይሠራዋል። ከትውልዶቹ መካከል ዛሬ ባገለገሉ መኪኖች ገበያ በብዛት ከሚፈለጉት አንዱ ኢ39 በሚል የፋብሪካ መጠሪያ የሚታወቀው ሦስተኛው ነው። በ1998 በጄኔቫ አውደ ርእይ ታየ፤ እስከ 2003 ድረስም በዲንጎልፊንግ ፋብሪካ 20,482 መኪኖች ተሠሩ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ በአብዛኛው በእጅ የተገጣጠሙ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበሩ። ኢ39 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለትና ከሌሎቹ የምድቡ መኪኖች ጋር በአንድ መስመር ላይ የተመረተ የመጀመሪያው ኤም 5 ነው።

ሞተሩ 4.9 ሊትር ሲሆን 400 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ስምንቱም ሲሊንደሮች የየራሳቸው የአየር መክፈቻ አላቸው፤ በዚህም ምክንያት ነጂው ቤንዚን ሲረግጥ መልሱ ወዲያውኑ ይመጣል። ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ ጨርሶ አልተሠራለትም። ፋብሪካው እንደሚለው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ 5.3 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ 250 ላይ ተገድቧል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አምስት ሰው ከነሻንጣው ተመችቶት የሚሄድበት፣ ከሩቅ ሲታይ ከአንድ የቢሮ ኃላፊ መኪና የማይለይ ሰዳን ነው። ብዙ የመኪና አዋቂዎች እስከ ዛሬ ከምርጦቹ ሰዳኖች ተራ የሚያስቀምጡት ኃይልን፣ ምቾትንና ጨዋ መልክን በዚህ ልክ አስማምቶ የያዘ መኪና ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ይህም ፍርድ ትክክል ነው።

ገዢን የሚያሳስተው ዋጋው ነው። በአሜሪካ በአዲስነቱ ወደ 70,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። እንደማንኛውም የቅንጦት መኪና በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ዋጋው በጣም ወረደ፤ በኋላ ግን የተንከባከቡት ናሙናዎች እንደገና ተወደዱ። በዚህ መካከል የመለዋወጫውና የእጅ ሥራው ዋጋ አብሮ አልወረደም። የሞተሩ ክፍሎች ለዚህ ሞተር ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ከሌላ መኪና አምጥቶ ማብቃቃት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ መኪናውን በትንሽ ቤት መኪና ዋጋ ያገኘ ሰው የሚያስጠግነው በ70,000 ዶላር መኪና ዋጋ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መኪናው ስንት ነው ሳይሆን እስከ ዛሬ ማን፣ ምን ሠራለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው እውነተኛ ኤም 5 መሆኑ ይጣራል። የአምስተኛ ምድቡን ተራ 540 ገዝቶ የኤም 5 መከላከያ፣ ቸርኬና ምልክት መለጠፍ ቀላል ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ግን አይዋሽም፦ የስፖርት ክፍሉ መኪና ቁጥር በደብሊው፣ ቢ፣ ኤስ ፊደላት ሲጀምር፣ በጀርመን የተሠራው ተራው ቢኤምደብሊው በደብሊው፣ ቢ፣ ኤ ይጀምራል። ቀጥሎ የተነዳው ርቀት አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት የ2010 እና ከዚያ በፊት የነበሩ ሞዴሎች ሲሸጡ ሻጩ የቆጣሪውን ንባብ እንዲያረጋግጥ አይገደድም፤ የባለቤትነት ወረቀቱም ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ርቀቱን የሚመሰክሩት በየጊዜው የተቆረጡ የጋራዥ ደረሰኞች ብቻ ናቸው። ቀን፣ ኪሎሜትርና የተሠራው ሥራ በቅደም ተከተል የሰፈረበት የደረሰኝ ክምር ከአዲስ ቀለም ይልቅ ዋጋ አለው።

ሞተሩ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ቫኖስ የሚባለው ሥርዓት በዘይት ግፊት እየሠራ የቫልቮቹን የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ይቀያይራል። ውስጡ ሲያልቅ በብርድ ሲነሣ እንደሚንኳኳ ጠጠር ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። የካቴናው ፕላስቲክ ማስተላለፊያዎችም ዕድሜ ሲጫናቸው ይደርቃሉ፤ ከተሰበሩ ሞተሩን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። እስከ 2000 መጀመሪያ የተሠሩት መኪኖች ዘይት ይበላሉ። ኩባንያው በዚያው ዓመት የፒስተን ፋሻውን ቀይሮ፣ ወፈር ያለውን 10ደብሊው-60 ዘይት አዘዘ። ለውጡ ችግሩን አቃለለ እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም፤ አዲሶቹም ቢሆኑ ዘይታቸው ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር መታየት አለበት።

ከዘይት መብላት የሚወለድ ሌላ ጣጣ አለ። ሞተሩ በብርድ ሲነሣ አንዲት ትንሽ የአየር ፖምፓ ንጹሕ አየር በቴስታታው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ጭስ መውጫው ትልካለች፤ ዓላማው የመጀመሪያውን ደቂቃ ብክለት መቀነስ ነው። የተቃጠለ ዘይት ካርቦን እነዚህን ቀዳዳዎች ሲደፍናቸው ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። መኪናው ያለ ችግር ስለሚሄድ ብዙ ሻጮች ነገሩን ያቃልሉታል፤ ቀዳዳዎቹን በአግባቡ ማጽዳት ግን ቴስታታ እስከማውረድ ሊያደርስ ይችላል። የጭስ ምርመራ ግዴታ በሆነበት አገር ያ መብራት እየበራ መኪናው ብዙ ጊዜ አያልፍም። ከሽያጩ በፊት መብራቱን በኮምፒውተር አጥፍቶ ማቅረብም ስለሚቻል፣ ማሽኑ ላይ የራስ ምርመራዎቹ ተሟልተው መመዝገባቸውን መካኒክ ይይ።

የማቀዝቀዣው ክፍል የሁሉም የዚያ ዘመን ቢኤምደብሊው ደካማ ጎን ነው። የራዲያተሩ ጫፎች፣ የውኃ ማስፋፊያ ገንዳውና የቧንቧ መጋጠሚያዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢሰበሩ አያስገርምም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከጋለ ጉዳቱ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መለወጣቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጡ ቆጥሮ መደራደር ነው።

ፍሪሲዮኑ በዚህ ጉልበት ፊት ቶሎ ያልቃል፤ ሲለወጥም ቮላኖው አብሮ ስለሚነሣ ሒሳቡ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። የፊት እግር ክንዶች ጎሚኒ ሲያልቅ መሪው በተለይ ፍሬን ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ የተለመደና የሚሠራ ነገር ነው። ዝገት በጃክ መደገፊያዎቹ፣ በጎማ ቤቶቹና በኋላው ሻንጣ ክዳን ላይ ይፈለጋል፤ ጨው በሚረጭባቸው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች የኖረ መኪና ከሥሩ ሳይታይ አይገዛም። የዳሽቦርዱ ጽሑፍ መደብዘዝ የታወቀ ቢሆንም የሚያስፈራ አይደለም።

ምርመራው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይጀመር። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ በሌላ ጠዋት መመለስ ይሻላል። የአርፒኤም መቁጠሪያው ዙሪያ ያሉት ብርቱካናማ መብራቶች ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ከመጥፋታቸው በፊት ሞተሩን የሚያስጮኽ ሻጭ ሌላውን ጊዜ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ያ ይናገራል። ከሙከራ ጉዞው በኋላ መኪናው ይህን ሞተር ወደሚያውቅ ነፃ መካኒክ ይሂድ፤ የሲሊንደር ግፊት ይለካ፣ የኮምፒውተሩ ስሕተቶች ይነበቡ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ሊገኝ ከሚችለው ብልሽት አንጻር ኢምንት ነው። ምርመራውን ከሚከለክል ሻጭ ጋር ነገሩ እዚያው ያብቃ።

ከ2005 ጀምሮ የተካው ቀጣዩ ትውልድ ኢ60 ባለ አሥር ሲሊንደርና 507 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ይረክሳል። ርካሽነቱ ምክንያት አለው፦ የኮኔክቲንግ ሮድ ብሮንዚኖቹ ያልቃሉ፣ ራሱን የሚቀይረው የኤስኤምጂ ካምቢዮ ፖምፓ ይበላሻል፣ የአየር መክፈቻ ሞተሮቹም ይደክማሉ። በጉልበቱ የሚደነቅ፣ በባለቤትነት ግን ከኢ39 እጅግ የከበደ መኪና ነው።

የሚነዳበትም አገር ውሳኔውን ይለውጣል። በካሊፎርኒያ ከ1976 ወዲህ የተሠራ፣ አዲስነቱ ያለፈ የቤንዚን መኪና ሁሉ የጭስ ምርመራ ይጠብቀዋል፤ እዚያ ለሚኖር ገዢ የካርቦኑ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። በጀርመን 30 ዓመት የሞላው መኪና ይዞታው ከተመሰከረለት እንደ ቅርስ መኪና ተመዝግቦ የታክስ ጥቅም ያገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ኢ39 ኤም 5ዎች ይህን ዕድሜ የሚደርሱት በ2028 ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ለሚያስብ ግን መንገዱ ዝግ ነው፤ መንግሥት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክሏል።

ኤም 5 መግዛት ያለበት ሌላ የዕለት መመላለሻ ያለው፣ የተሟላ የጥገና ታሪክ ለያዘው መኪና ጨምሮ ለመክፈል የተዘጋጀና ከግዢው ዋጋ ቢያንስ ሲሶውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻ ያስቀመጠ ሰው ነው። ይህ የሌለው ገዢ በዚያው ቅርጽ፣ ባለ ሦስት ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የተሠራውን 530 ይግዛ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጥገናው ግን በተራ ደመወዝ ይቻላል።