ተመራማሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ

የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሊሞላ ሲል «ፓስተር፣ ሳይንቲስቶች ግን ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስለ ፍጥረት አጀማመር የሚደረገው ክርክር ነው። እኔ ግን አብረን ወደ ጨፋ ሸለቆ እንድንወርድ እፈልጋለሁ።

በከሚሴ ዙሪያ ያለውን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ውኃውንም ያውቃል። የቦርከና ወንዝ ያጠጣዋል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ ረግረጉ ሣር ይዞ ስለሚቆይ፣ ከአፋር ጭምር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ይሁን እንጂ በቦርከና ተፋሰስ ቢልሃርዚያ አለ። የትሉ እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመያዝ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ የሚዋኙ ልጆች፣ መስኖ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉበት። ለጥምቀት ወንዝ የምንወርድ እኛም አለንበት።

ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ችግሩ ልጁ በማግስቱ ወደዚያው ውኃ መመለሱ ነው፤ መድኃኒቱ ዳግመኛ ከመያዝ አያድንም። ለሰው የተፈቀደ ክትባትም እስካሁን የለም። እንግዲህ በዚህ በሽታ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚመኙት፣ የዳነው ልጅ እንደዳነ የሚቀርበትን መንገድ ማግኘት ነው።

ምኞቱ በሀገራችን የቆየ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አንዷን ሴት የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቋት፤ ሞቱ። እናቶቻችን ስንት ዘመን በእንዶድ አጥበዋል! ቆም ብሎ የጠየቀ ግን እርሳቸው ነበሩ።

ያነሣሣቸው ነገር ግልጽ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚገድለው የፋብሪካ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነው፤ እንዶድ ግን ገበሬው ጓሮ ይበቅላል። በሽታው ያለበት ሕዝብ ራሱ በሚያበቅለው ነገር በሽታውን እንዲከላከል ፈለጉ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሻሉ የእንዶድ ዝርያዎችን መረጡ። በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 34 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሆኖም የውጭ ተቋማት የአፍሪካን ላቦራቶሪ ውጤት ለማመን ስላመነቱ ብዙ ዓመት ባክኗል፤ ይህም ዶክተሩን አሳዝኗቸዋል፣ በአደባባይም ተናግረውታል። በ1989 ሁለቱ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

(ይህን አንብቦ እንዶድ ወንዝ ውስጥ የሚጨምር እንዳይኖር፤ ዓሣም ይገድላል።)

ወጣቱን መልሼ «ልጅ ሳለህ የት ነበር የምትዋኘው?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ቦርከና» አለኝ። ቅጹን ባዮሎጂ ብሎ ሞልቷል። እኛም የጥምቀት ገንዳ የማሠራቱን ነገር እንደገና አንሥተናል፤ የሲሚንቶው ገንዘብ ገና አልሞላም።