ቀለምን ከፊልም ላይ ማንሳት፦ የአድናቂዎች የጥቁርና ነጭ ቅንብር አሠራርና የመብት ጥያቄው

ተጠናቆ ለሕዝብ የቀረበን ባለቀለም ፊልም በቤት ኮምፒዩተር አማካይነት ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ በምዕራባውያን የፊልም አፍቃሪዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ ተግባር ነው። ሥራው የፊልሙ ባለመብት ባልሆኑ ሰዎች የሚከናወን በመሆኑ «የአድናቂ ቅንብር» ሊባል ይችላል። በዚህ ረገድ በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ «ዴሬሊክት» የተሰኘው ሲሆን፣ ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ2012 ያወጧቸውን «ኤሊየን» እና «ፕሮሜቲየስ» የተባሉ ሁለት ሳይንሳዊ አስፈሪ ፊልሞች አዋህዶ በጥቁርና ነጭ ያቀርባል።

ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሰው ቀለም ማጥፋትን የአንድ ቁልፍ ጉዳይ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። በእርግጥም ማንኛውም የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይህን የሚፈጽም ትእዛዝ አለው፤ ቴሌቪዥን ያለው ሰውም የቀለሙን መጠን እስከ መጨረሻው ዝቅ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚገኘው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን ግራጫ ነው።

ባለቀለም ፊልም በሚቀረጽበት ጊዜ የካሜራና የመብራት ባለሙያዎች አንዱን ነገር ከሌላው የሚለዩት በብርሃን ብቻ ሳይሆን በቀለምም ጭምር ነው። ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው በአረንጓዴ ግድግዳ ፊት ቢቆም ተመልካቹ ወዲያው ይለየዋል። የሁለቱ ቀለሞች ድምቀት እኩል ከሆነ ግን ቀለሙ ሲነሳ ሰውየው ከግድግዳው ጋር ይዋሃዳል። የቀድሞዎቹ የጥቁርና ነጭ ፊልም ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ከተዋናዩ ጀርባ መብራት በመትከል የትከሻውንና የፀጉሩን ጠርዝ ያደምቁ ነበር። የዛሬው አድናቂ አዲስ መብራት ሊተክል አይችልም፤ በእጁ ያለው የተቀረጸው ምስል ብቻ ነው።

የሥራው ዋና ክፍል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ የዲጂታል ምስል ነጥብ የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው። በከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን መለኪያ መሠረት የአንድ ነጥብ ድምቀት ሲሰላ አረንጓዴ 72 በመቶ፣ ቀይ 21 በመቶ፣ ሰማያዊ ደግሞ 7 በመቶ ያህል ድርሻ ይይዛሉ። ስሌቱ የሰው ዓይን ለሦስቱ ቀለሞች ያለውን የተለያየ ስሜት የተከተለ ነው። አቀናባሪው ግን በዚህ ስሌት የመገዛት ግዴታ የለበትም። የቀይን ድርሻ ከፍ ቢያደርግ የሰው ፊት ይበራል፤ የሰማያዊን ድርሻ ቢያሳድግ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሽፍታውና ሽብሽቡም ይጎላል። ለአንዱ ትዕይንት የተስማማው ልኬት ለሚቀጥለው ላይስማማ ይችላል።

«ኤሊየን» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፊልሙ ውስጥ የመርከቧ ባልደረባ መስሎ የሚታየው አንዱ ገጸ ባሕርይ ሰው ሠራሽ ፍጡር መሆኑ የሚጋለጠው ከሰውነቱ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ሲወጣ ነው። የሰው ደም ቀይ በመሆኑ በጥቁርና ነጭ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ የእርሱ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የትዕይንቱ ምስጢር ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል ማለት ይቻላል። በጥላ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ባዕድ ፍጡር ራሱም ጥቁር በመሆኑ ቀለም በመነሳቱ የሚያጣው ጥቂት ነው።

የእንቁላሎቹ ዋሻ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። በዚያ ትዕይንት ከእንቁላሎቹ በላይ ሰማያዊ የብርሃን ንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ለሰማያዊ 7 በመቶ ብቻ የሚሰጠው የተለመደ ስሌት ይህን ንጣፍ ሊያደበዝዘው ስለሚችል የሰማያዊውን ድርሻ ለዚያ ትዕይንት ለብቻው ማሳደግ ያስፈልጋል። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ መርከቧ ልትፈነዳ ስትል የሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራትም የአደጋ ቀለሙን ያጣል፤ የሚቀረው ብልጭታውና እንፋሎቱ ብቻ ነው። ይህን ሊመልስ የሚችል ልኬት የለም፤ አቀናባሪው ጉድለቱን ተቀብሎ ማለፍ ይኖርበታል።

የድካሙን መጠን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። «ኤሊየን» 117 ደቂቃ ሲረዝም፣ በሴኮንድ በ24 ምስል ሲታሰብ ከ168 ሺህ በላይ ምስሎች አሉት። በእርግጥ ልኬቱ የሚስተካከለው በየምስሉ ሳይሆን በየቀረጻው ነው። ቢሆንም ካሜራው ከጨለማ ወደ ብርሃን በሚዞርበት ጊዜ ልኬቱም አብሮ መለወጥ አለበት። በዲስክ ላይ ያለው ምስል ተጨምቆ የተቀመጠ በመሆኑ ደግሞ ጥቁሩንና ነጩን ለማራራቅ ሲሞከር በጭጋግና በሰማይ ላይ የደረጃ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ይህን ለመሸፈን በርካታ አቀናባሪዎች የድሮ ፊልም ቅንጣት የመሰለ ስስ ነቁጥ በምስሉ ላይ ይጨምራሉ።

ሥራው የአድናቂዎች ብቻ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ዳይሬክተር ፍራንክ ዳራቦንት ከስቲቨን ኪንግ ድርሰት ወስደው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት «ዘ ሚስት» የተሰኘ ፊልም አለ። ርዕሱ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ትዳርን ቢያስታውስም ትርጉሙ «ጭጋጉ» ማለት ነው። ታሪኩ ከጭጋግ ውስጥ በሚወጡ እንግዳ ፍጡራን ሳቢያ በሱፐርማርኬት ውስጥ የተከበቡ ሰዎችን ይመለከታል። ዳይሬክተሩ ፊልሙን ከመነሻው በጥቁርና ነጭ የመሥራት ፍላጎት የነበራቸው ሲሆን፣ ለሲኒማ የቀረበው ግን ባለቀለሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ባለሁለት ዲስክ ዕትም የጥቁርና ነጩ ቅጂ ተካቷል፤ እርሳቸውም የሚመርጡት ይህንኑ መሆኑን ገልጸዋል። በኮምፒዩተር የተሠሩት ፍጡራን በዚህ ቅጂ ከጭጋጉ ጋር የተሻለ ይዋሃዳሉ።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» የተባለው ፊልም የጥቁርና ነጭ ቅጂም በጥር ወር 2024 ለሲኒማ ቀርቧል። የመጀመሪያው የ1954ቱ «ጎድዚላ» ጥቁርና ነጭ እንደነበር ይታወሳል። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ቅጂው ቀለሙን በማጥፋት ብቻ የተገኘ ሳይሆን እያንዳንዱ ቀረጻ ለየብቻው ተስተካክሎ የተሠራ መሆኑን አስረድተዋል።

ዳራቦንትና ያማዛኪ የለወጡት የራሳቸውን ሥራ ነው። የአድናቂው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ፊልሙ የሌላ ሰው ድርሰት፣ የሌላ ድርጅት ንብረት ነው፤ ቀለሙም በዳይሬክተሩና በካሜራ ባለሙያው ታስቦበት የተመረጠ ነው።

ተቃራኒው ሙግት ቀደም ሲል በአሜሪካና በፈረንሳይ ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የኤም ጂ ኤምን የፊልም ክምችት የገዙት ባለሀብቱ ቴድ ተርነር የቆዩ የጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒዩተር ማቅለም ሲጀምሩ በርካታ ዳይሬክተሮች አጥብቀው ተቃወሙ። ከተቀለሙት አንዱ ጆን ሂዩስተን በ1950 የሠሩት «ዘ አስፋልት ጃንግል» ነበር። የአሜሪካ ሕግ ለዳይሬክተሩ ወገን ከለላ ባይሰጥም፣ ባለቀለሙ ቅጂ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ወራሾቹ ክስ መሥርተው የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ለእነርሱ ፈርዷል። የፍርዱ መነሻ የፊልሙ ባለንብረት ማንም ይሁን ማን፣ ደራሲው የሥራውን ሙሉነት የማስከበር የሞራል መብት አለው የሚል ነው። ቀለም መጨመር የሥራውን ሙሉነት የሚነካ ከሆነ ቀለም መቀነስ በምን እንደሚለይ ለማስረዳት የሚከብድ ይመስላል።

በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለሥራው አመንጪ የሰጠ ሲሆን፣ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ አኳኋን ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብትም ደንግጓል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የዲስክ መቆለፊያን መስበርን ይከለክላል። ለትችትና ለትምህርት የሚፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች በአጫጭር ቅንጭብ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ሙሉ ፊልም የሚያቀናብር ሰው በእነርሱ ሊጠለል አይችልም።

አቀናባሪዎቹ በበኩላቸው የራሳቸውን ልማድ አውጥተዋል። በሥራው ገንዘብ አይሰበሰብም፤ ቅንብሩን የሚመለከት ሰው ዋናውን ፊልም ገዝቶ በእጁ ሊኖረው ይገባል። ይህ ልማድ በሕግ ፊት ፈቃድን አይተካም። የቅንብሩ ዓላማ ትምህርታዊ ነው የሚለውም ምክንያት እንዲሁ ነው፤ ቢሆንም ታዋቂ ሰዎች ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል። ዳይሬክተር ስቲቨን ሶደርበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 የስቲቨን ስፒልበርግን «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» በጥቁርና ነጭ ለውጠው፣ የመጀመሪያውን ድምፅ በሌላ ሙዚቃ ተክተው ይፋ ያደረጉት ተመልካቹ የተዋናዮቹንና የካሜራውን አቀማመጥ ብቻ እንዲያጠና በማሰብ ነበር።