ቅጥረኛ ወታደርና መሬት

በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. በባሮ ወንዝ ዳር ባለችው በጋምቤላ ከተማ ሁለት ጦሮች ተዋጉ። ከተማይቱን ይዞ የነበረው የኢጣልያ ጦር ነው፤ ከሱዳን በኩል መጥቶ ያስለቀቀው ደግሞ የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው። ነገር ግን ጠመንጃውን የተሸከሙት እነማን እንደ ነበሩ ብንመረምር፣ በአንዱ ወገን ኢጣልያ የቀጠረቻቸው «አስካሪ» የሚባሉ አፍሪካውያን፣ በሌላው ወገን የቤልጂግ መኰንኖች የሚያዙዋቸው የኮንጎ ልጆች ተሰልፈው እናገኛለን። ባሮ ግን የቤልጂግም የኢጣልያም ወንዝ አልነበረም።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ለሌላው ጥቅም ሊዋጋ ወደ ሰው አገር የሄደ ወታደር በዚያው ሰፋሪ ሆኖ የሚቀረው መቼ ነው? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በዓለም ታሪክ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የጀርመኖቹ ነው።

እንግሊዝ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1775–1783) የራሷ ወታደር ስላልበቃት ከጀርመን መሳፍንት 30,000 ያህል ሰው ተከራየች። ከግማሽ የሚበልጡት የሔሰ-ካሰል ሰዎች ስለ ነበሩ ሁሉም በጅምላ «ሔሰኖች» ተባሉ። የኪራዩ ገንዘብ የገባው ወደ መሳፍንቱ ግምጃ ቤት ነው። በ1776 የአሜሪካኖቹ ኮንግሬስ አንድ ብልሃት አገኘ፤ እንግሊዝን ከድቶ ለሚመጣ ወታደር 50 ኤከር፣ በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ ያህል መሬት እንደሚሰጥ በጀርመንኛ አሳትሞ በተነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ትሬንተን በተባለው ስፍራ 900 ያህል ሔሰኖች ሲማረኩ ብዙዎቹ ወደ ፔንሲልቫኒያ ተወሰዱ። በዚያም ቋንቋቸውን የሚናገሩ፣ ቀደም ብለው የሰፈሩ ጀርመናውያን ገበሬዎች ነበሩና ምርኮኛው በእርሻ ሥራ እየተቀጠረ ከሕዝቡ ጋር ተላመደ። ጦርነቱ ሲያበቃ 5,000 ያህሉ በአሜሪካ ቀሩ። እንግዲህ ኪራይ አመጣቸው፤ መሬትና ቋንቋ አስቀራቸው ማለት ነው።

የኢጣልያ ፋሺስቶችም ወታደርን በመሬት መትከል እንደሚቻል ያውቁ ነበር። ከ1928ቱ ወረራ በኋላ የኢጣልያ ዘማቾች ድርጅት በሆለታና በቢሾፍቱ መሬት ይዞ የጦሩን ሰዎች ገበሬ አድርጎ ሊያሰፍር ሞከረ። በ1933 የኢጣልያ ጦር ሲሸነፍ ይህ ዕቅድም አብሮ ወደቀ። ለኤርትራ ገበሬ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ኢጣልያ በ1880ዎቹ የደጋውን መሬት ለሰፋሪዎቿ ብላ ወሰደችበት። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. እንዲያምፁ ካደረጉዋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። አባቱ መሬት የተነጠቀበት ልጅ ለነጣቂው ተቀጥሮ ጠመንጃ ሲሸከም ማየት የቅኝ ግዛት አሠራር ምን እንደሚመስል በግልጽ ያሳያል። ሆኖም በወረራው ዘመን ከአስካሪዎቹ ብዙዎች ከድተው ከኢትዮጵያ ወገን እንደ ተሰለፉ ልንዘነጋው አይገባም። እነዚህን ማንም በግማሽ ጋሻ መሬት አልገዛቸውም።

የኮንጎው ወታደርስ? ለ7 ዓመት አገልግሎት የሚመለመል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም የመንደሩ ሹም በትእዛዝ መርጦ የሚሰጠው ሰው ነበር። ከጋምቤላ ወደ ሳዮ ተራራ ዘልቆ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሲሰጥ አየ፤ ከዚያም ጦሩ ወደ ኮንጎ ተመለሰ። የጄኔራሎቹ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል። ጭነት ተሸክሞ ያን ዳገት የወጣው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም።

እስከ አሁን ስለ ቀጣሪውና ስለ ተቀጣሪው ተናገርን። ሦስተኛ ሰው ግን አለ፤ እርሱም ባለ መሬቱ ነው። የአሜሪካ ሰፋሪ የተስፋፋበት መሬት ቀድሞ የቀይ ሕንዶች ነበር፤ የሆለታውንም የኢትዮጵያ ገበሬ ሲያርሰው ኖሯል። ሌላውን ብቻ እየወቀስን የራሳችንን እንዳንረሳ፣ በአገራችንም በደቡብ ለዘመተው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት ነበር። ከዚህ ሥርዓት የተወለደው የባላባትና የጭሰኛ ነገር እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል። ጋምቤላም ብትሆን፣ እንግሊዝ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንድትከራይ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ናቸው፤ በወንዙ ዳር የሚኖረው አኙዋክ ከፈራሚዎቹ አልነበረም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ስለ ቅጥረኛ ወታደር ስናነብ ማን ቀጠረው፣ ስንት ተከፈለው ብለን ብቻ አንተው። ቀርቶ ከሰፈረ በማን መሬት ላይ ሰፈረ? ብለን እንጠይቅ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል፤ ባለቤቱን ከታሪክ ገጽ ካጠፋነው ግን በሺህ ዓመቱም የሚመለስለት ሰው አይገኝም።