ስሟ የጠፋ መኪና ልግዛ ወይስ ልለፍ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው መኪና የሚያምረው ለድሎት ብቻ አይደለም። ጠዋት መገናኛ ለመድረስ ታክሲ መጋፋት፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መድገም ሲሰለች ቁጠባውና የእቁቡ ብር ተደማምሮ ያገለገለ መኪና ያስፈልጋል። ደላላው ከሚያሳያቸው መካከል አንዷ ቮልስዋገን ናት እንበል፤ ቲጓን፣ ናፍጣ፣ ከእኩያዋ ቶዮታ ረከስ ያለች። ደላላውን «ለምን ረከሰች?» ሲሉት «መለዋወጫ ነው፣ ሌላ ምንም የለባትም» ይላል። ጀርመን ያለ የአክስት ልጅ ደግሞ በስልክ «እሷ እኮ ያ የጭስ ማጭበርበር ያለባት ናት፣ ተዋት» ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መስከረም 7 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015) የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቮልስዋገንን ሕግ ጥሰሃል አለው። ክሱ 482,000 የሚያህሉ የናፍጣ መኪኖችን ይመለከታል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ምርመራ የሚያታልል ሶፍትዌር ተጭኗል የሚል ነው። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ ያው ሶፍትዌር እንዳለ ለማመን ሳምንት አልፈጀበትም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን መስከረም 12 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው በብልጠት ነው። የጭስ ምርመራ የሚደረገው መኪናዋ ቤት ውስጥ ሮለር ላይ ቆማ ጎማዎቿ ብቻ እየዞሩ ነው። መሪው አይንቀሳቀስም፤ ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ የሚለው አስቀድሞ በታወቀ ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ ፈተና ላይ መሆኑን ይረዳና የጭስ መቆጣጠሪያውን ሙሉ በሙሉ ያሠራዋል። መንገድ ላይ ስትወጣ ቁጥጥሩን ያላላዋል። ያኔ የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር።

የተደረሰበትም በትልቅ ስለላ አይደለም። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ንጹሕ ትራንስፖርትን በሚያጠና ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ድጋፍ መመርመሪያ መሣሪያ መኪና ውስጥ ጭነው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነዱ፤ ከመኪኖቹ አንዷን፣ የቮልስዋገን ፓሳትን፣ እስከ ሲያትል ድረስ ወሰዷት። ሐሳባቸው ናፍጣ ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል ማሳየት ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለፈችው ሌላዋ ቮልስዋገን፣ ጄታ፣ ግን መንገድ ላይ ከተፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ለቀቀች። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ኩባንያው ግን ከዓመት በላይ ምክንያት ሲደረድር ቆየ።

አንድ ትልቅ ኩባንያ ለምን እዚህ ይገባል? የናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ስለሚሠራ ነው። ያው ሙቀት በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ያጣምረዋል። ይህን ለመቀነስ ከጭሱ የተወሰነውን መልሶ ወደ ሞተር ማስገባት ይቻላል፤ መካኒኮች ኢጂአር የሚሉት ክፍል ሥራው ይህ ነው። ግን ጥቀርሻው ይበዛል፣ ማጣሪያው ቶሎ ይሞላል። ወይም ዩሪያ የተባለ ፈሳሽ ጭሱ ውስጥ መርጨት ይቻላል፤ እሱ ደግሞ ተጨማሪ ጋን፣ ተጨማሪ ወጪ ነው። ኩባንያው ጉልበትም፣ ነዳጅ ቆጣቢነትም፣ ርካሽ ዋጋም፣ ንጹሕ ጭስም አንድ ላይ ለመሸጥ ፈለገ። ሦስቱን ሸጠ፣ በአራተኛው ዋሸ።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። መጀመሪያ ሊያዝ የሚገባው፣ ያ ማጭበርበር የፍሬን፣ የመሪ ወይም የአየር ከረጢት ጉድለት አለመሆኑ ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ አትጥልዎትም፤ እንዲያውም ቁጥጥሩ ስለላላላት ሞተሯ ቀሎት ነበር የሚሠራው። የተጎዳው አየሩን የሚተነፍሰው ሰው ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ያባብሳል። ከጭስ ማውጫው ሲወጣ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ «ጭስ የላትም» የሚለው የሻጭ ምስክርነት ስለዚህ ጋዝ ምንም አይነግርዎትም። ቦሎ መለጠፏም እንዲሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከቅሌቱ በኋላ መኪናዋ ላይ ምን ተደረገ የሚለው ነው። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ኩባንያው መኪኖቹን እየጠራ ሶፍትዌራቸውን ቀይሯል፤ 1.6 ሊትር ሞተር ላሏቸው በአየር ማስገቢያው ላይ አንዲት የፕላስቲክ ወንፊት ጨምሯል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ባለቤቶቹ መኪናቸውን ለኩባንያው መልሰው እንዲሸጡ ተፈቀደ። ሚሺጋን ውስጥ ሲልቨርዶም የተባለ ሥራ ያቆመ ስታዲየም ግቢው በእነዚህ መኪኖች ተሞልቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ተስተካክለው እንደገና ገበያ ወጥተዋል። አዲስ አበባ የደረሰችው ግን ከየት ዞራ እንደመጣች፣ ለእርማት ተጠርታ ይሁን ሳትጠራ፣ ሊብሬው ላይ አልተጻፈም።

ሻንሲ ቁጥሩ ግን የተወሰነ ፍንጭ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፊደል ወይም አኃዝ የተሠራችበትን አገር ይጠቁማል፤ በላቲኑ ደብልዩ የሚጀምር ጀርመን፣ በ1 የሚጀምር አሜሪካ፣ በ3 የሚጀምር ሜክሲኮ፣ በኤል የሚጀምር ቻይና፣ በጄ የሚጀምር ጃፓን ነው። በቮልስዋገን ዐሥረኛው ቦታ ላይ ያለው የሞዴል ዓመቷን ይናገራል፤ ኤ እ.ኤ.አ. 2010 ነው፣ ኤፍ 2015። ችግር የነበረበት ዋናው ሞተር ኢኤ 189 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 አካባቢ እስከ 2015 በወጡ ባለ 1.2፣ 1.6 እና 2.0 ሊትር የናፍጣ መኪኖች ላይ ተገጥሟል። በቮልስዋገን ብቻ አይደለም፤ በአውዲ፣ በስኮዳና በሲያትም አለ። ቤንዚን የምትጠጣ ቲጓን ከሆነች በዚህ ሶፍትዌር አልተነካካችም፤ የአክስት ልጅ ስጋት እዚያ ላይ ያበቃል።

ሦስተኛው ነገር የእኛው መንገድና የእኛው ጋራዥ ነው። የእነዚህ መኪኖች የጥቀርሻ ማጣሪያ ራሱን የሚያጸዳው ጥቀርሻውን 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በማቃጠል ነው። ለዚያ ደግሞ ሳይቆራረጥ የሚነዳ መንገድ ይፈልጋል። ከየካ አባዶ መገናኛ ጠዋት በአንደኛ ማርሽ የሚሄድ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ማጣሪያው ይታፈናል፣ መብራት ይበራል፣ ጉልበት ይጠፋል። ያኔ መፍትሔው ብዙ ጊዜ «እናውልቀው» ነው። ማጣሪያው ይወልቃል፣ ኢጂአሩ ይደፈናል፣ ኮምፒውተሩም እንዳይጮህ ተደርጎ ይነካካል። ኩባንያው በድብቅ ያደረገውን ጋራዡ በግልጽ ሠራው ማለት ነው፤ ያውም ባሰ ሁኔታ፣ ምክንያቱም አሁን ጥቀርሻውም ተጨመረ።

ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ነጭ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው የጭስ ማውጫውን ውስጠኛ ግድግዳ ይጥረጉት። ማጣሪያዋ ደህና የሆነች ናፍጣ ጨርቁን ብዙም አታጠቁረውም። ከሰል የነካ ከመሰለ ማጣሪያው ወልቋል ወይም ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ዲያግኖሲስ ያለው ጋራዥ ወስደው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበውን ብልሽት ያስነብቡ፤ ሻጩ የመረጠውን ሳይሆን እርስዎ የመረጡትን ጋራዥ። ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ፤ የአባዶ የማለዳ ብርድ የሞተሩን እውነት በነፃ ያወጣል። ዩሪያ የምትፈልግ ከሆነች ፈሳሹን ያለማቋረጥ የት እንደሚያገኙ ሳያውቁ ብር አይቁጠሩ፤ ጋኑ ባዶ ከሆነ አጥፍተው ሲያስነሷት እንቢ ትላለች።

«እሺ፣ ቶዮታ ብገዛስ? እሱ አይዋሽም» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 መጨረሻ ላይ ቶዮታ ሦስት የናፍጣ ሞተሮች የተገጠሙላቸውን 10 ሞዴሎች ለጊዜው ከመላክ አቁሞ ነበር። ሞተሮቹን የሚሠራው እህት ኩባንያ የፈረስ ጉልበታቸው ሲፈተን ገበያ ላይ ከሚወጣው የተለየ ሶፍትዌር መጠቀሙ ስለታወቀ ነው። ሃይሉክስ፣ ፎርቹነር፣ ላንድክሩዘር 300 እና ሃይየስ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ኩባንያው መኪኖቹን መንዳት ማቆም አያስፈልግም ብሏል፤ ጉዳዩም የጉልበት መለኪያ እንጂ ከቮልስዋገኑ ጋር የሚተካከል አልነበረም። ሰፈራችን የሚመላለሱት የድሮዎቹ ሃይየሶች ደግሞ ሞተራቸው ከዚያ በፊት የነበረ ስለሆነ አይመለከታቸውም። የቶዮታ ቤተሰብ የሆነው የጭነት መኪና አምራች ሂኖ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የጭስ መረጃ ለዓመታት ሲያጭበረብር መኖሩን አምኗል። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2016 የነዳጅ ፍጆታ፣ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2018 የጭስ ልኬት ቁጥሮችን መነካካታቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ የምርት ስም ብቻ አይቶ ንጹሕና ርኩስ ብሎ መለየት አያዛልቅም።

ካሳ አገኛለሁ ብለው ተስፋ ካደረጉ ግን ይተዉት። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን ለተታለሉ ገዢዎች ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌላ ውሳኔ ሰጠ፤ ጉዳዩ በነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ነበር። ቅሌቱ ያኔ ለዓለም ተሰምቶ ስላበቃ ተታልያለሁ ማለት አይችልም ተባለ። ፍርዱ የተሰጠው ለጀርመን ነው፤ አመክንዮው ግን እዚህም ይሠራል። ዛሬ የሚገዛ ሰው አውቆ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ካሳውን የሚያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዋጋው ላይ። ከእኩያዋ የሚገባውን ያህል ካልቀነሰች፣ ሌላው ያደረሰውን ኪሳራ እርስዎ እየከፈሉ ነው። ነገ ሲሸጡም ያው ጥያቄ ይጠብቅዎታል።

ሻጩን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለጉድለት ኃላፊ ያደርጋል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ውሉ ላይ «አሁን ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ካለ ከመፈረምዎ በፊት ቆም ይበሉ። በተለይ ማጣሪያው ወይም ኢጂአሩ አለመነካቱን ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ፤ የሚያቅማማ ከሆነ መልሱን ሰጥቶዎታል። ውልና ማስረጃ ከመሄድ በፊት ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ማጣራትማ የታወቀ ነው።

ዋጋው ላይ ተፅዕኖ ያለው ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ተናገሩ። ስለዚህ የሚገበያየው የናፍጣና የቤንዚን መኪና በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። አንዱ የሸሸው ጣጣ ቀለም ተቀብቶ ለሌላው ይደርሳል። ከቻይና በግል አስመጪዎች የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አይዲ 4 እና አይዲ 6 ቮልስዋገን ናቸው፣ የጭስ ማውጫ ግን የላቸውም፤ በእነሱ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው የባትሪው ጤንነትና የሚጠግናቸው ባለሙያ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቤንዚን ቮልስዋገን ከሆነች ቅሌቱን ረስተው እንደማንኛውም መኪና ይመርምሯት። የናፍጣዋ ማጣሪያ በቦታው ካለ፣ ዲያግኖሲሱ ንጹሕ ከሆነና ዋጋዋ በእርግጥ ከቀነሰ መግዛት ይቻላል፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሳትቆራረጥ የምትነዳበት መንገድ እስካገኙላት ድረስ። ማጣሪያዋ የወለቀውን ግን በነፃ ቢሰጡኝ አልወስዳትም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኪና የሚቆመው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ነው።